«ነጻ ነኝ» ከማለቴ በፊት

የኤች አይ ቪ መመርመሪያዋ ነጭ ፕላስቲክ ናት። ከመሐል ጣቴ ብዙም አትበልጥም። መሐሏ ላይ ጠባብ መስኮት አለች፤ ከመስኮቷ ጎን ሲ እና ቲ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመዋል። ከታች የደም ጠብታ የሚያርፍባት ትንሽ ጉድጓድ አለች።

ነርሷ የቀለበት ጣቴን ጫፍ በአልኮል ጠረገች። እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሕመሙ ከድምፁ ያነሰ ነበር። የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ ጠርጋ ጣለቻት። ሁለተኛዋን በቀጭን ቱቦ ሳብ አድርጋ ጉድጓዷ ላይ አሳረፈችና ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ጨመረችበት። ቀላ ያለ ጥላ በነጩ ላይ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። ጫፉ ውሃ ውስጥ የተነከረ ጨርቅ እንደሚርሰው ነው አወጣጡ።

«አሥራ አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን እህቴ» አለችኝ።

አሥራ አምስት ደቂቃ። እዚህ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ግን ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስምንት ዓመት ሙሉ ያልተመረመርኩት ስለማይመለከተኝ አልነበረም። ከአንድ ሰው ጋር ቆይቼ ተለያይቻለሁ፤ ከሌላ ሰው ጋር ጀምሬ ያም አልቋል። ሁለቱንም ጊዜ «እንመርመር» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። «አታምኚኝም እንዴ?» እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ዝም ስል ደግሞ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። አልከሳሁም፣ አላሳለኝም፣ ሥራዬን እሠራለሁ። ታዲያ ምን ሆንኩ ብዬ ልሂድ?

ከዚህ ሁሉ ሥር አንድ እምነት ነበረኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እስካልጠየቅኩ ድረስ የለም። ወረቀቱ ላይ ሲጻፍ ነው ደሜ ውስጥ የሚገባው። ሲጻፍ እንዴት እንደማያስኬድ ይታያል፤ ውስጥ ሲቀመጥ ግን በጣም ያሳምናል። ምርመራ የሌለን ነገር ደም ውስጥ አያስገባም። ያለውንም አለማየት አያስወጣውም። ስንት ሰው በዚህች እምነት ዓመት ከዓመት እንደሚገፋ ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ምክንያቱም በዚያው ዓመታት ውስጥ መድኃኒቱ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ፀጉሬን ትሠራልኝ ነበር፤ ጣቶቿ ቀላል ነበሩ፣ አያሳምሙም። ከዚያ ታመመች። ታማም ቆየች። ቤተሰቦቿ ብርጭቆዋን ከሌላው ለይተው መስኮቱ ላይ ለብቻው ያስቀምጡት ነበር። እቤታቸው ስሄድ እናቴ «እዚያ ቤት ውሃ እንዳትጠጪ» ትለኛለች። ለምን እንደሆነ አትነግረኝም። ስትሞት የበሽታዋን ስም ማንም አልጠራም። «ያ በሽታ» ብቻ ተባለ። ለብዙ ዓመት ስለ ኤች አይ ቪ የማውቀው ነገር ሁሉ ያ መስኮት ላይ ያለው ብርጭቆ ነበር።

ካደግኩ በኋላ ብዙ ነገር ተማርኩ፤ ፖስተሩንም አነበብኩ፣ ትምህርቱንም ሰማሁ። በመነካካት አይተላለፍም፣ በምራቅ አይተላለፍም፣ በወባ ትንኝ አይተላለፍም። ብጠየቅ ሁሉንም እመልሳለሁ። ብርጭቆው ግን ከቦታው አልተነሳም ነበር። ይህንን ያወቅኩት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በተቀመጥኩበት ማታ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ በኋላ ወንድም ሆነኝ። ከእኛ ቤት ተቀምጠን እያወራን ልክ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አጠፋው። ከኪሱ ትንሽ የመድኃኒት መያዣ አወጣና አንድ ክኒን በውሃ ዋጠ።

«ራስህን አመመህ እንዴ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው» አለኝ። «ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

እዚህ ላይ የሆነውን ሳልሸፍን መጻፍ አለብኝ። ዓይኔ ወደ ብርጭቆው ሄደ። እሱ አሁን የጠጣበት፣ የእኛ ቤት ብርጭቆ። ለአንድ ሰከንድ ነው፤ ምናልባትም ከዚያ ያነሰ። ወዲያው ዓይኔን መለስኩ። እሱ ግን አይቶኛል።

«ብርጭቆውን አየሽው አይደል?» አለ። ቁጣ የለበትም። «አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ብርጭቆውን ነው የሚያየው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያፈርኩት ሳላውቅ ቀርቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እያወቅኩ ነው ዓይኔ የሄደው። ስለዚህ ጠዋት ተነስቼ ቫይረሱን ከመሠረቱ ለመረዳት ቁጭ አልኩ። ይተላለፋል አይተላለፍም የሚለውን ዝርዝር ለመሸምደድ አይደለም። ምንድን ነው? ምን ይሠራል? ምርመራው ምን ያያል? እነዚህን ነው የፈለግኩት።

መጀመሪያ የገረመኝ ትንሽነቱ ነው። አሥር ሺህ ያህሉ ተሰልፈው ነው አንድ ሚሊሜትር የሚሞሉት። ዘረመሎቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ የእኛ ወደ ሃያ ሺህ ይጠጋሉ። ብቻውን ምንም መሥራት አይችልም። አይበላም፣ አይራባም፣ ከሰውነት ውጭ ብዙም አይቆይም። የሌላ ሕዋስ ቤት ውስጥ መግባት አለበት።

የሚገባበትን ደግሞ መርጦ ነው። ሲዲ ፎር የሚባል ተቀባይ ላያቸው ላይ ያላቸው ነጭ የደም ሴሎች አሉ። ሥራቸው በሰውነት ውስጥ ጠላት ሲገኝ ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች መጥራትና ማሰማራት ነው። ኡኡታውን የሚያሰሙት እነሱ ናቸው። ቫይረሱ የሚያጠፋው እነዚህን ነው። ቤት ሲቃጠል ጎረቤት የሚጠራው ሰው አፉ ከተያዘ ትንሿም እሳት ቤቱን ትጨርሰዋለች። በኤች አይ ቪ ምክንያት የሚሞት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በሌላ በሽታ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በዓለም ላይ ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች መካከል ቀዳሚው ገዳይ ሳንባ ነቀርሳ ነው።

ሴሉ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያደርገውን ሳነብ ብዙ ቆሜ አሰብኩ። ቫይረሱ መልእክቱን ይዞ የሚመጣው በአር ኤን ኤ ነው። የእኛ ሴሎች ዋናው መዝገብ የተጻፈው በዲ ኤን ኤ ነው። የተለመደው መንገድ ከዲ ኤን ኤ ወደ አር ኤን ኤ መገልበጥ ነው። ይህ ቫይረስ ግን በተቃራኒው ይገለብጣል። ይህን ወደኋላ የሚጽፍ ኢንዛይም ተመራማሪዎቹ ሀዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ1970 በየፊናቸው በሌሎች ቫይረሶች ላይ አግኝተውት ነበር፤ ኤድስ ገና ስም ሳይወጣለት ማለት ነው። ኤች አይ ቪ ጽሑፉን ወደ ዲ ኤን ኤ ከገለበጠ በኋላ በሌላ ኢንዛይም አማካኝነት ሴሉ መዝገብ ውስጥ ይሰፋዋል። የሌላ ሰው ደብተር መሐል የራስን ገጽ ሰፍቶ እንደ ማስገባት ነው። ከዚያ በኋላ ሴሉ ያንን ገጽ እንደራሱ አድርጎ ያነበዋል። ቫይረስ እያመረተ ይኖራል።

አንዳንዱ ሴል ደግሞ ገጹን ይዞ ይተኛል። አያመርትም፣ አይታይም፣ መድኃኒቱም አያገኘውም። እስካሁን ኤች አይ ቪን ከሰው ሁሉ አካል ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት ያልተገኘው በእነዚህ በተኙት ሴሎች ምክንያት ነው። ጓደኛዬ ስልኩን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሚያስጮኸውም ለዚሁ ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ከተኙት መካከል የሚነቃው ሥራውን ይጀምራል፤ ቫይረሱም በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይታያል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምን ይሰማዋል? ብዙ ጊዜ ምንም። ቫይረሱ በገባ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ አንዳንዱ ሰው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የቆዳ ሽፍታ ይይዘዋል። ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዱ ያንንም አያይም። ከዚያ ያለ ሕክምና በአማካይ አሥር ዓመት ገደማ ጤነኛ መስሎ ይኖራል። «አልከሳሁም፣ አላሳለኝም» ያልኩት ማስረጃዬ ምንም ማስረጃ አልነበረም ማለት ነው። ኤች አይ ቪ እና ኤድስም አንድ አይደሉም። የጤናማ ሰው የሲዲ ፎር ሴሎች ቁጥር በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ከ500 እስከ 1500 ይደርሳል። ከ200 ሲወርድ ወይም ከባድ ተጓዳኝ በሽታዎች ሲታዩ ነው ኤድስ የሚባለው። ብዙ ሰው ዛሬ ቫይረሱ እያለበት እዚያ ሳይደርስ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ጓደኛዬ ሲመረመር ሲዲ ፎሩ 140 ነበር። የተመረመረውም ሳሉ አልለቅ ብሎት፣ ሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ሲነገረው ነው። «ሦስት ዓመት ቀድሜ ብሄድ ኖሮ ሳንባዬ አይጎዳም ነበር» ይለኛል። ደረጃ ሲወጣ እስካሁን ይቆማል፤ እጁን ግድግዳው ላይ ያደርግና ትንፋሹን ይሰበስባል። እኔም አብሬው እቆማለሁ። ስለ ምርመራ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ እጁ ነው።

ወደ ምርመራው ልመለስ። አገራችን ላይ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። እዚህ ጅቡ አይሄድም፤ ውሻው ግን እንደ ተረቱ ዘግይቶ ይጮሃል። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራው የተለመደው ፈጣን ምርመራ ቫይረሱን አያይም። የሚያዳምጠው የውሻውን ጩኸት ነው። ቫይረሱ ሲገባ ሰውነት አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ያዘጋጅለታል፤ ምርመራው የሚፈልገው እሱን ነው። አንቲቦዲው ተዘጋጅቶ እስኪገኝ ድረስ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ቫይረሱ ገብቷል፣ ምርመራው ግን ኔጌቲቭ ይላል። ባለሙያዎቹ ይህንን ጊዜ ዊንዶው ፔሪየድ ይሉታል። በአንቲቦዲ ምርመራ ከ23 እስከ 90 ቀን ድረስ ሊሆን ይችላል። ከክንድ ደም ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚሠራው፣ የቫይረሱንም የራሱን ፕሮቲን አብሮ የሚፈልገው ምርመራ ቀደም ብሎ ያገኘዋል፤ ከ18 እስከ 45 ቀን። የቫይረሱን የዘር ቅንጣት በቀጥታ የሚፈልገው ደግሞ ከ10 እስከ 33 ቀን።

ይህን ክፍል ያንን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ እንኳን በራሴ ላይ አላዋልኩትም ነበር። ነርሷ ናት ያስታወሰችኝ። ደም ከመውሰዷ በፊት ወንበሯን ጠጋ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ፣ ከፍም ሳታደርግ ጠየቀችኝ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ያደረግሽው መቼ ነው?»

«አምስት ሳምንት ይሆናል።»

«እሺ። እንግዲያው ዛሬ ኔጌቲቭ ቢሆንም የመጨረሻ ውጤት አድርገሽ አትያዥው። ሁለት ወር ቆይተሽ ትመለሻለሽ። ፖዘቲቭ ካሳየ ደግሞ በአንድ ምርመራ ብቻ አይባልም፤ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ደግመን እናያለን።»

ከዚያ ውጤቱ ምንም ቢሆን የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ነገረችኝ። ለማን እንደምናገር፣ እንደማልናገርም፣ የእኔ ውሳኔ እንደሆነ ነገረችኝ። «ሳትፈቅጂ ማንም አይመረምርሽም፤ አሁንም መተው ትችያለሽ» አለችኝ። እንደዚያ ስትለኝ ነው ለመተው የነበረኝ ፍላጎት የለቀቀኝ።

የድጋሚ ምርመራው ነገር ሳይታለፍ ቢነገር ደስ ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚመክረው፣ አንድ ሰው ፖዘቲቭ ነው ከመባሉ በፊት ሦስት ተከታታይ ምርመራዎች ተመሳሳይ ውጤት እንዲያሳዩ ነው። ቤት ውስጥ ራስን በራስ መመርመሪያ ላይ ሁለት መስመር ያየ ሰው እዚያው ሕይወቱን መደምደም የለበትም። ያ የሚለው «ሂድና አረጋግጥ» ነው። ሲ ላይ መስመር ካልወጣ ደግሞ ምርመራው አልሠራም፤ እንደገና ይደረጋል።

ስለ ራስን መመርመሪያም አንድ ነገር። ከድድ ላይ በጠራጊ ዘንግ የሚወሰድ ዓይነት አለ። ብዙ ሰው «የምራቅ ምርመራ» ይለዋል። ከዚያ «ለካ ምራቅ ውስጥ አለ» የሚል ጥርጣሬ ይመጣል። ዘንጉ ግን የሚፈልገው አንቲቦዲውን ነው፤ ከድድ የሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ አንቲቦዲው አለ። ውሻው ነው እዚያ ያለው። ምራቅ ኤች አይ ቪን አያስተላልፍም። ብርጭቆም አያስተላልፍም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለዚያች ጎረቤታችን ቤተሰቦች በጊዜው የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ። ቫይረሱን ለይተው ያወጡት ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኚዬ ያሉበት የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1983። የደም ምርመራው በ1985 ወጣ። ጎረቤታችን ስትታመም ዓለም ብዙውን ያውቅ ነበር። እውቀቱ ግን እነሱ ቤት ድረስ አልመጣም።

መድኃኒቱም እንደዚሁ ረጅም መንገድ መጥቷል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1987 ጸደቀ፤ ብቻውን ግን ቫይረሱ ቶሎ ይለማመደው ነበር። ምክንያቱም ቫይረሱ ሲገለበጥ ብዙ ስህተት ይሠራል፤ ከስህተቶቹ መካከል አንዳንዱ መድኃኒቱን የሚያመልጥ ይሆናል። በ1996 ገደማ ሦስት መድኃኒት በአንድነት መስጠት ሲጀመር ነው ሞት መቀነስ የጀመረው። አንዱን ቢያመልጥ ሌላው ይይዘዋል። ዛሬ ያ ሁሉ በአብዛኛው ሰው በቀን አንድ ክኒን ውስጥ ገብቷል። ቀድሞ ሲዲ ፎር እስኪወርድ ይጠበቅ ነበር። ከ2015 ወዲህ ግን ምክሩ ግልጽ ነው፤ ውጤቱ በታወቀ ጊዜ ወዲያው መጀመር።

የጓደኛዬ ቫይራል ሎድ በምርመራ አይታይም። በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ነው። እንዲህ ያለ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህን መጀመሪያ ስሰማ የማጽናኛ ንግግር መስሎኝ ነበር። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታወቀው፣ በአውሮፓ የተካሄደ ጥናት አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው፣ ሌላኛቸው የሌለባቸው 888 ጥንዶችን ተከታትሏል። ቫይረሱ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ነው። ወደ 58 ሺህ ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ተደርጓል። ከአንዱ አጋር ወደ ሌላው የተላለፈ ቫይረስ ዜሮ። ቁጥሩን ሳነብ ብርጭቆውን አሰብኩ። በዚያ ሁሉ ውስጥ ዜሮ ሆኖ እኔ ብርጭቆ አየሁ።

እናቶችም አሉ። ምንም ካልተደረገ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። እናቲቱ መድኃኒቷን ከወሰደች ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ለዚያ ግን መጀመሪያ ማወቅ አለባት።

ላልተያዘም ሰው ነገር አለ። ተጋልጫለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ቶሎ ሲሆን ይሻላል፤ ሰዓቱ ካለፈ ግን አይሰጥም። አስቀድሞ የሚወሰድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የታወቀ አንድ ጥናት ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ በመርፌ የሚሰጠውን መከላከያ ከወሰዱ ከ2 ሺህ በላይ ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። አንዷም። ይህን ስጽፍ ፀጉሬን የሚሠሩት እነዚያ ጣቶች ትዝ ይሉኛል።

አሥራ አምስቱ ደቂቃ አለቀ። ነርሷ ፕላስቲኳን ወደ እኔ አዞረቻት። ሲ ላይ አንድ ቀይ መስመር። ቲ ላይ ባዶ። «አብረን እንየው» አለችኝ፤ እኔም አብሬያት አየሁ። ነጩ ላይ ዓይኔን ተክዬ የሌለ መስመር ስፈልግ ቆየሁ።

ሁለት ወር ቆይቼ ተመለስኩ። ያው ወንበር፣ ያው ጠቅ የሚል ድምፅ። አሁንም አንድ መስመር። ከክፍሉ ስወጣ ስልኬን አወጣሁና ለጓደኛዬ መልእክት መጻፍ ጀመርኩ። «ነጻ ነኝ!» ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ስል እጄ ቆመ።

ነጻ። ሁላችንም የምንለው ቃል ነው። ክፋት የለውም፤ ማንም አስቦበት አይለውም። ግን በእኛ ቋንቋ ነጻ የሚወጣው ማን ነው? የተከሰሰ ሰው ነው። ከእስር፣ ከወንጀል፣ ከጥፋት ነው ነጻ የሚወጣው። እኔ ነጻ ከሆንኩ እሱ ምንድን ነው? ከዚያ ሌሎቹም ቃላት መጡብኝ። ቤት አለው፣ ልጅ አለው፣ እንላለን። ዕዳ አለበት፣ ጥፋት አለበት፣ እንላለን። ቫይረሱ ደግሞ ምንጊዜም «አለበት» ነው። እኔ ራሴ ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ስንት ጊዜ እንዳልኩት ከላይ ማየት ይቻላል፤ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። «ያ በሽታ» ብለን ስሙን ሳንጠራ የኖርንበት ዘመን ቃሉ ውስጥ ቀርቷል። መድኃኒቱ ተለውጧል፣ ምርመራው ተለውጧል፣ ቃሉ ግን ያው ነው። ስምንት ዓመት የፈራሁትም ቫይረሱን አይመስለኝም። ያንን ቃል ነው የፈራሁት። ነጻ አይደለሽም የሚለኝን።

መልእክቱን አጠፋሁት። «ሁለተኛው ውጤቴም ኔጌቲቭ ሆነ። ማታ ና» ብዬ ላክሁለት።

መጣ። ደረጃው መሐል ላይ እንደቆመ ከላይ ሰማሁት፤ ወርጄ አብሬው ቆምኩ። ገብተን ተቀመጥን። ስለ ሥራ አወራን፣ ስለ እህቱ ሠርግ አወራን፤ ሣቅን። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ተነስቼ ውሃ ቀዳሁለት፣ ክኒኑን ዋጠ፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ወሬው ቀጠለ። የእህቱ ሙሽራ ሽማግሌ ሲልክ የሆነውን እያጫወተኝ ነበር፤ ወሬው መሐል ጠማኝና ከፊቴ ያለውን ብርጭቆ አንስቼ የቀረውን ውሃ ጠጣሁት።

ወሬውን አቁሞ እያየኝ ነው።

«ምን ሆንክ?» አልኩት። እጄ ላይ ያለውን ብርጭቆ ያየሁት ያኔ ነው።